መልሶ የሚጠይቅ ረዳት

አዲስ ድረ ገጽ ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ከታች በስተቀኝ ወደምትቀመጠው ትንሽ ክብ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ገና ብቅ ስትል ይዘጋታል። እኔ እጫናታለሁ። «ሰላም! ምን ልርዳዎት?» ትላለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ማየት ደስ ይለኛል። ሰው በእርግጥ ምን ፈልጎ እንደመጣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነውና።

መተዳደሪያዬ ለድረ ገጾች ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ከሥራዬ አንዱ ክፍል ጎብኚዎች ከቻትቦቱ፣ ማለትም በዚያች ሳጥን ውስጥ በጽሑፍ ከሚያወራቸው አውቶማቲክ ረዳት ጋር የተመላለሱትን ማንበብ ነው። ስምና ስልክ ተሰርዞ ይደርሰኛል። የሚቀረው ጥያቄውና መልሱ ብቻ ነው። አሰልቺ ሥራ ይመስላል። ለእኔ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ንባብ የለም። ሰው ለማሽን ሲጽፍ ይሉኝታ የለውም። ሰላምታ የለ፣ መግቢያ የለ። «ሰርዝልኝ» ይላል። «እምቢ አለኝ» ይላል። «የትናንቱስ?» ይላል። አለቀ።

እስቲ «ሰርዝልኝ» የሚለውን እንየው። ምን ይሰረዝ? ያዘዘው ዕቃ ሊሆን ይችላል። በየወሩ የሚቆረጥበት ክፍያ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ወይም ራሱ አካውንቱ ሊሆን ይችላል። አንዱ ረዳት ቃሉን ብቻ አይቶ «የስረዛ ደንባችንን እዚህ ያንብቡ» ብሎ ሊንክ ይወረውራል። ጎብኚው ረጅም ደንብ ፊት ይገተራል። ሌላው ረዳት ግን እንዲህ ይላል፦ «ምኑን ልሰርዝልዎት? ያዘዙትን ዕቃ ነው ወይስ ወርሃዊ ክፍያውን?» ሰውየው ይመልሳል፦ «ወርሃዊውን። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ልጠቀምበት።»

ይህችን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ልብ በሏት። መጀመሪያ ላይ አልነበረችም። ምናልባት ሰውየው ራሱ ጭንቅላት ውስጥም በግልጽ አልነበረችም። ያወጣቻት የረዳቱ ጥያቄ ናት። ደግሞም ዋናው ነገር እሷ ውስጥ ነው ያለው፤ አገልግሎቱ ዛሬውኑ ቢቋረጥበት ኖሮ ይናደድ ነበር።

ስለ እነዚህ ረዳቶች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የመልስ ነገር ነው። ምን ያህል ፈጣን፣ ምን ያህል ብዙ፣ ምን ያህል ሰው የሚመስል። እኔ የምመዝናቸው በሌላ ነው። መልሶ መጠየቅ ይችላል ወይ? በትክክለኛው ሰዓትስ ይጠይቃል ወይ?

ይህን ጉዳይ ከኮምፒውተር ሰዎች በፊት በደንብ ያወቁት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር አንባቢና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። የአንባቢ ጥያቄ አራት እርከን አለው ይላል። መጀመሪያ አንድ ነገር እንደጎደለን ይሰማናል፤ ምን እንደሆነ ግን ቃል የለንም። ቀጥሎ በሐሳባችን ውስጥ ብዥ ያለ ነገር ይመጣል። ከዚያ በግልጽ ልንናገረው የምንችለው ጥያቄ ይሆናል። በመጨረሻ ደግሞ ያንን ጥያቄ ቤተ መጻሕፍቱ ሊቀበለው ይችላል ብለን በምናስበው ልክ ቆራርጠን እናቀርበዋለን።

ባለሙያው ፊት የሚደርሰው ይህ የተቆራረጠው ነው። «የጤና መጻሕፍት የት ናቸው?» ይላል አንባቢው። የመጣው ግን እናቱ የምትወስደው መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ወደ መደርደሪያው አይጠቁምም። «ምን ዓይነት ነገር ነበር የፈለጉት?» ይላል። ከአራተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው፣ ቢቻል ወደ ሁለተኛው ይዞት ይመለሳል። በሙያው ይህ ንግግር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ትምህርት ይሰጥበታል።

የመፈለጊያ ሳጥን ሲመጣ ይህ ንግግር ጠፋ። ሳጥኑ አይጠይቅም። እኛም ቀስ በቀስ ለእሱ ተገዛን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ትተን ሁለት ሦስት ቃል ወርወር ማድረግ ለመድን። ካልተገኘ ጥፋቱን ወደ ራሳችን እንወስዳለን፤ «አጻጻፌ ነው» እንላለን። ይህ ነገር ያሳዝነኛል። የሰዎቹ ጥፋት አይደለማ!

ማስረጃውም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆርጅ ፈርናስና ባልደረቦቹ ሰዎች ለአንድ ነገር ምን ስም እንደሚሰጡ አጠኑ። ሁለት ሰዎች አንድን ነገር በተመሳሳይ ቃል የመጥራት ዕድላቸው ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። አስቡት። ድረ ገጹን የጻፈው ሰው አንድ ቃል መርጧል። የሚፈልገው ጎብኚ ሌላ ቃል ይዞ መጥቷል። ድርጅቱ «የተመላሽ ክፍያ ሥነ ሥርዓት» ብሎ ጽፏል፤ ጎብኚው «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ ይጽፋል። መልሱ አለ፤ ጥያቄውም አለ፤ ግን አይገናኙም።

ለዚህ መላ ፍለጋ ብዙ ሰዎች ደክመዋል። ካረን ስፓርክ ጆንስ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ አቀረበች። በሁሉም ሰነድ ውስጥ የሚገኝ ቃል ብዙ አይናገርም። በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል ግን ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ በፍለጋ ሥርዓቶች ውስጥ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ ለውጥ ቃላትንና ዓረፍተ ነገሮችን ወደ ቁጥር ቀይሮ በትርጉም የሚቀራረቡትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በዚህ መንገድ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ከ«ተመላሽ ክፍያ» ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ አንድም ቃል ሙሉ በሙሉ ሳይመሳሰል።

በአማርኛ ሲሆን ነገሩ ሌላ ፈተና ይጨምራል። «ፀሐይ»ን «ጸሐይ» ወይም «ፀሀይ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ሥርዓቱ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አስቀድሞ ካላስታረቀ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ክፍያ»፣ «ለክፍያዬ»፣ «ስለክፍያው»፣ «አልተከፈለኝም» የሚሉትም ከአንድ ሥር እንደመጡ ካላወቀ ጎብኚው ባዶ እጁን ይመለሳል። በአማርኛ የሚሠራ ረዳት የሚሠሩ ሰዎች ካነበቡኝ እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ። የሚያምር ሰላምታ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ መጠየቁ ልመለስ። መልሶ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም። እንዲያውም የመጀመሪያዋ ዝነኛ ቻትቦት ሥራዋ ሁሉ መልሶ መጠየቅ ነበር። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቀ። እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም ነበር የምታወራው። ስለ እናታችሁ ብታነሱላት «ስለ ቤተሰብዎ ይበልጥ ይንገሩኝ» ትላለች። ከውስጧ ግን ምንም አልገባትም። ቁልፍ ቃል ታያለች፣ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጣ ትመልሳለች። ሆኖም ሰዎች ልባቸውን ከፈቱላት። የዋይዘንባም ጸሐፊ እንኳ ከኤላይዛ ጋር ስታወራ እሱ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠይቃዋለች። ዋይዘንባም ይህ በጣም አሳሰበው፤ ቀሪ ዘመኑንም ኮምፒውተር የሰውን ቦታ እንዳይወስድ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

እኔ አንድን የረዳት ጥያቄ የምፈትነው በአንድ ነገር ነው። መልሱ ቀጣዩን እርምጃ ይቀይራል ወይ? «ዕቃውን ነው ወይስ ወርሃዊውን?» የሚለው ይቀይራል። ጎብኚው የቱንም ቢመርጥ የሚሄድበት መንገድ የተለየ ነው። «እባክዎ ችግርዎን በዝርዝር ይግለጹ» የሚለው ግን ሥራውን መልሶ ጎብኚው ላይ መጫን ነው። ሰውየው በዝርዝር መግለጽ ቢችል ኖሮ ድሮ ይገልጸው ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቱንም መልሶ በመጨረሻ ያው የመጀመሪያው ሊንክ የሚሰጠው ጎብኚ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ገባ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ምልልሶችን ሳነብ ያመኛል።

መጠየቅ የማያስፈልግበት ጊዜም ብዙ ነው። ጎብኚው የክፍያ ገጽ ላይ ነው፤ ካርዱ አልሠራም የሚል ቀይ ጽሑፍ ፊቱ ላይ አለ፤ ረዳቱን ከፍቶ «እምቢ አለኝ» ይላል። እዚህ ላይ «ምን እምቢ አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ነው። ረዳቱ ያለበትን ገጽ ማወቅ አለበት። «ካርድዎ ተቀባይነት አላገኘም። ገንዘብ አልተቆረጠም። የካርዱ ማብቂያ ቀን አልፎ እንደሆነ ይመልከቱ» ማለት ይችላል። ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር በተለይ ትልቅ እፎይታ ናት። ጎብኚው ያልጠየቀው ግን በውስጡ ሲፈራው የነበረው ነገር እሱ ነው።

ራሱን ከጎብኚው ጋር የሚያስማማ ረዳት ሲባል ለእኔ ትርጉሙ ይህ ነው። አሁን የት እንዳለ፣ አሁን ምን እንዳለ፣ ሁለት መልእክት በፊት ምን እንደተናገረ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቃሉ ለሌላ ነገር መዋሉ ነው። ሰውየው ባለፈው ወር ምን እንዳየ፣ ምን እንደገዛ፣ ከየት እንደገባ ተሰብስቦ «እርስዎ እንዲህ ዓይነት ሰው ነዎት» ይባላል። ባለፈው ሳምንት ስለ ስኳር በሽታ ያነበበው ለጎረቤቱ ብሎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ለራሱ ጉዳይ ሲመጣ ያንኑ የሚያቀርብለት ረዳት አልረዳውም፤ ተከተለው እንጂ። ጎብኚ ስለ ራሱ የነገረንን መጠቀም አንድ ነገር ነው። ሳይነግረን ገምተን ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ሁለተኛውን ሳይፈቀድ ማድረግ አይገባም ባይ ነኝ።

መገመት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ክሊፒ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የማይክሮሶፍት ኦፊስን የተጠቀመ ሰው ያቺን ዓይናማ የወረቀት ማያያዣ አይረሳትም። «ደብዳቤ እየጻፉ ይመስላል» እያለች ብቅ ትላለች። ከጀርባዋ ግን ቁም ነገር ያለው ምርምር ነበር። ኤሪክ ሆርቪትዝና ባልደረቦቹ ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግ በዕድል ስሌት የሚገምት ሥርዓት ሠርተው ነበር፤ ሰውየው ምን ያህል ልምድ እንዳለውም ያገናዝባል። ገበያ ላይ የወጣው ምርት ግን የተጠቃሚውን ልምድ የሚያስታውሰውን ክፍል አልያዘም። ስለዚህ መቶ ደብዳቤ ለጻፈ ሰው እንደ መጀመሪያው ቀን ያንኑ ትነግረዋለች። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ኦፊስ ኤክስ ፒ ካልጠሯት እንዳትመጣ ተደረገ። በ2007ቱ ኦፊስ ጭራሽ ቀረች። ዛሬም ገጹ ገና ሳይነበብ ዘለው የሚመጡ ረዳቶች ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች።

አሁን ያሉት ረዳቶች በአነጋገር ከእነዚያ ጋር አይወዳደሩም። አሠራራቸውም ባጭሩ እንዲህ ነው። ጥያቄው ሲመጣ መጀመሪያ ከድርጅቱ ሰነዶች ውስጥ ተቀራራቢ አንቀጾች ይፈለጋሉ። ከዚያ እነዚህ አንቀጾች ከጥያቄው ጋር ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ለሚባለው፣ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ራሱ ጽሑፍ ለሚያወጣ ፕሮግራም ይሰጣሉ፤ ሞዴሉም እነሱን ተመርኩዞ መልስ ይጽፋል። ፓትሪክ ሉዊስና ባልደረቦቹ ይህን አካሄድ በስም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ጥሩ አካሄድ ነው። ነገር ግን የተፈለገው አንቀጽ የተሳሳተ ከሆነ ወይም ሰነዱ ራሱ ያረጀ ከሆነ መልሱ በሚያምር አማርኛ የተጻፈ ስህተት ይሆናል። አንቀጹ ትክክል ሆኖም ሞዴሉ ከራሱ ሊጨምርበት ይችላል። የሚያስፈራው አጻጻፉ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ሲያውቅም ሳያውቅም ያው እርግጠኛ ድምፅ ነው ያለው።

የኤር ካናዳ ጉዳይ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። አንድ መንገደኛ አያቱ ስትሞት ለለቅሶ ለመሄድ የአየር መንገዱን ድረ ገጽ ከፈተ። ቻትቦቱ ትኬቱን አሁን ገዝቶ የሐዘን ቅናሹን በ90 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። እውነተኛው ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ ቅናሽ አይፈቅድም ነበር። ቻትቦቱ በሰጠው መልስ ውስጥ ወደ ትክክለኛው ደንብ የሚወስድ ሊንክም ነበር። አየር መንገዱ ሲከሰስ ከተከራከረባቸው ነጥቦች አንዱ ቻትቦቱ ለሥራው ራሱ ተጠያቂ የሆነ የተለየ አካል ነው የሚል ነበር። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። መረጃው በቋሚ ገጽ ላይ ቢወጣም በቻትቦት ቢነገርም ድረ ገጹ የአየር መንገዱ ነው፤ ተጠያቂነቱም የእሱ ነው ተባለ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማስበው ስለ ሊንኩ ነው። «ሊንኩን ከፍቶ ማንበብ ነበረበት» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። አልስማማም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። ጠየቀ፣ ተመለሰለት። ድረ ገጹ አንዱ ክፍሉ የሚናገረውን ሌላው ክፍሉ ይሽራል ብሎ እንዲጠረጥር የሚያስገድደው ምን አለ? ሊንክ መስጠት መልካም ነው፤ ግን ረዳቱ መልሱን የወሰደበትን አንቀጽ ቆርጦ እዚያው ቢያሳየው የተሻለ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ። «ደንቡ እንዲህ ይላል» ብሎ ቃል በቃል። ዓይን ወዲያው ያመሳክረዋል።

ሰው መረጃ ሲፈልግ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ፒተር ፒሮሊና ስቱዋርት ካርድ ፓርክ በሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተውለዋል። ሰው ልክ ምግቡን እንደሚያስስ እንስሳ ሽታ እየተከተለ ነው የሚሄደው። የሊንኩ ስም፣ ርዕሱ፣ ሥዕሉ «እዚህ አለ» የሚል ሽታ ካልሰጠው ትቶ ይሄዳል። ጥሩ ረዳት ይህን ሽታ ያጠነክራል። መልሱን ከሰጠ በኋላም ከየት እንዳገኘው፣ ዙሪያው ምን እንዳለ ያሳያል። ጎብኚው በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ረዳት ሊመጣ ይችላል፤ ቢመጣም ደስ ይለኛል።

ስለ መለኪያው ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የሚወደድ አንድ ቁጥር አለ። ወደ ሰው ሠራተኛ ሳይተላለፉ ያለቁ ምልልሶች ከጠቅላላው ስንት እጅ ናቸው የሚለው ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስብሰባ ላይ ጭብጨባ አለ። ግን ምልልሶቹን ስታነቡ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ጎብኚው ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፣ ሁለት ጊዜ እጅ እግር የሌለው መልስ ይሰጠዋል፣ ዝም ይላል። ሄደ። በሪፖርቱ ላይ ይህ ሰው «እርዳታ አግኝቷል»። ወደ ሰው አልተላለፈማ! ጎብኚ ሊንኩን ተጫነ ማለትም ጠቀመው ማለት አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶርስተን ዮአኪምስና ባልደረቦቹ ሰዎች የፍለጋ ውጤት ሲያዩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ተከታትለው፣ ሰው ከላይ የተቀመጠውን ከላይ ስለሆነ ብቻ የመምረጥ ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። ረዳቱ ከእንዲህ ዓይነት ክሊክ «ሲማር» የራሱን ስህተት ነው የሚያጠናክረው።

ስለዚህ ለምሠራላቸው ድርጅቶች ሁልጊዜ የምለምነው ነገር አለ። ወደ ሰው የሚወስደውን በር አትደብቁ። ጎብኚው «ሰው አገናኙኝ» ሲል ያለ ክርክር ይገናኝ። ሲገናኝም እስካሁን የተባለው ሁሉ ለሠራተኛዋ አብሮ ይድረሳት። ቀድሞ ለማሽኑ የነገረውን እንደገና ከሀ ጀምሮ እንዲያወራ ማድረግ ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሚያወራው ከማሽን ጋር መሆኑም ከመጀመሪያው ይነገረው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ይህን ግዴታ አድርጎታል። ሕግ በሌለበትም ቢሆን ሰው የማወቅ መብት አለው።

ከሁሉም በላይ የምወደው የሥራዬ ክፍል ረዳቱ «ይህን አላገኘሁትም» ያለባቸውን ጥያቄዎች መሰብሰብ ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን ዝርዝር የረዳቱ ጉድለት አድርገው ነው የሚያዩት፤ ሞዴሉን እንቀይር ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ገጹን እከፍታለሁ። አንድ ጊዜ «ፎርሙን ከሞላሁ በኋላ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ በተለያየ አነጋገር እየደጋገመ መጣ። «አለቀ?» «ትደውላላችሁ?» «ደረሰ ወይ?» ገጹን ሳየው ፎርሙ ከተላከ በኋላ የሚወጣው «እናመሰግናለን» ብቻ ነበር። «ደርሶናል። በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በኢሜይል እንመልስልዎታለን። ካልመጣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ብለን ጻፍነው። ከዚያ በኋላ ያ ጥያቄ ከዝርዝሩ ወጣ። አሁን በቦታው ያለው ሌላ ነው፤ «ኢሜይል የለኝም፣ በስልክ ብቻ ይሆናል?» የሚል። ለእሱም ገጹ መልስ የለውም። እየጻፍነው ነው።